ፀጉሬ ከጀልባው ሞልድ ጋር የተጣበቀ ዕለት

ሰው የወደፊት አማቱ ስለ እሱ ምን እንደሚያስቡ ማወቅ ሲፈልግ ዘመድ ያጠያይቃል፣ ጎረቤት ያስወራል። እኔ ያወቅሁት መሬት ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ አፍና አፍንጫዬ በእናቴ ሻሽ ታስሮ፣ እሳቸው ደግሞ ከበላዬ ተቀምጠው ሳለ ነው። ወሬው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ብዙ ተጨምሮበታል። ራቁቱን ነበር የሚሉም አሉ። ወላሂ ውሸት ነው፤ ቱታ ለብሼ ነበር። እናንተ እንኳ ከባለቤቱ ስሙት።

እንድሪስ እባላለሁ። ያኔ ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ የተሰነጠቀ የአውቶቡስ ግንባር በፋይበር ግላስ ስጠግን ከርሜ ወደ ተወለድኩባት ሐይቅ ተመልሼ ነበር። ሀብቴ የእጅ ሙያዬና ፀጉሬ ነበሩ። ያን ጎፈሬ ያሳደግሁት በብዙ ቅባትና በብዙ ትዕግሥት ነው። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ጎንበስ የምለው ለራሴ ሳይሆን ለፀጉሬ ነበር። እናቴ “ይኼን ጫካ ተሸክመህ ማን ልጁን ይሰጥሃል?” ትለኛለች።

እኔ ግን የማንን ልጅ እንደምፈልግ አውቅ ነበር። ሀያት ሐይቁ ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት አላት። ከዓሣው ጋር ከምታቀርበው ዳጣ ይልቅ ምላሷ ያቃጥላል፤ እኔም ያንን ነው የወደድኩት። ዓሣውን የሚያመጡላት አባቷ ጋሽ ይማም ናቸው። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የሚቀዝፉት የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብድና ይበሰብሳል። እኔ ደግሞ የማይበሰብስ የፋይበር ጀልባ እሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ ሰው ስልክባቸው፣ “ጀልባውን ውሃ ላይ ልየውና እንነጋገራለን” ብለው መለሱ። እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም።

ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። የፋይበር ጀልባ እንደ ወንበር ተጠርቦ አይሠራም። መጀመሪያ ሞልድ ያስፈልገዋል፤ ማለት የጀልባው ቅርጽ ያለው ትልቅ ጎድጓዳ። ውስጡን ሰም ትቀቡታላችሁ፣ የፋይበሩን ጨርቅ እየደረባችሁ ረዚን በሚባለው ፈሳሽ ታርሱታላችሁ፣ ሲደርቅ ጀልባው ተፈልቅቆ ይወጣል። ችግሩ ሞልዱ ውስጥ ያለ እንከን ሁሉ ጀልባው ላይ መታየቱ ነው። አንዲት ጉድጓድ ካለች፣ ከዚያ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ አንድ ኪንታሮት ይዞ ይወለዳል።

የእኔን ሞልድ የሠራሁት እናቴ ግቢ ውስጥ፣ በእንጨትና በጀሶ ባበጀሁት ቅርጽ ላይ ነው። ስፈለቅቀው ውስጡ የፈንጣጣ ፊት መሰለ። አረፋ አለበት፣ ተሸብሽቧል፣ መርፌ የወጋው ይመስላል። ስቱኮ እሞላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያረስኩ አሻለሁ፣ ሰም ቀብቼ አበራለሁ። ሲበራ በፊት ያልታየ ሌላ እንከን ብቅ ይላል። ሰው እንዳያየው በሸራ እሸፍነዋለሁ፤ ሀያት እንኳ አይታው አታውቅም። “ስንት ቀረው?” ስትለኝ “ትንሽ” እላለሁ። ረመዳን ላይ ትንሽ አልኩ፣ በአረፋ በዓል ትንሽ አልኩ፣ ክረምት ገባ፣ አሁንም ትንሽ ነው።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሲያካፋ ነበር። ግቢያችን ጣሪያ ያለው የሥራ ቦታ ስለሌለው፣ ዝናብ እንዳይጠራቀምበት ሞልዱን ገልብጬ ድንጋዮች ላይ አስቀምጬዋለሁ። የቀረችኝ አንዲት ሽብሽብ ናት፤ ከፊት ሹሉ የጀልባው አፍንጫ ጋ፣ ጎንና ጎኑ በሚገናኝበት ጠባብ ቦታ። መካኒክ መኪና ሥር ይገባ የለ? እኔስ ለምን ከሥሩ ገብቼ አልጨርሳትም አልኩ። ስቱኮውን ከረዚን ጋር ለወስኩ። አየሩ ስለቀዘቀዘ ቶሎ ይያዝልኝ ብዬ ማድረቂያውን ከልኩ በላይ ጨመርኩበት። ሽታው ራስ ስለሚያዞር የእናቴን ሻሽ አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ ባትሪ ይዤ፣ በጀርባዬ እየተሳብኩ ገባሁ። ትከሻዬ ሥር ጆንያ አጥፌ አደረግሁና ራሴን አፍንጫው ውስጥ ወተፍኩ። ሽብሽቧን ሞላሁ፣ አለሰለስኩ። ቆንጆ ሆነች። ልወጣ ስል የሰው ኮቴ ሰማሁ።

“አሰላሙ ዓለይኩም! ቤቶች!”

የጋሽ ይማም ድምፅ ነው። እናቴ ገበያ ወጥታለች። እኔ ልመልስ ስል ሌላ ድምፅ ቀደመኝ። “ይመጣል። እስኪ አረፍ እንበል።”

እኒህ ደግሞ ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ከአምባሰል ወርደው ሐይቅ የቀሩ የጋሽ ይማም ወዳጅ። መረብ የሚጥሉት አብረው ነው። ጁምዓ ጋሽ ይማም ከመስጊድ እስኪወጡ ጋሽ ተፈራ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ እሑድ ደግሞ ጋሽ ይማም ጋሽ ተፈራን ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ይጠብቃሉ።

የት ይረፉ? ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው። ደረቅ ነገር ቢኖር ሸራ የለበሰው የእኔ ሞልድ ብቻ ነው። ሸራውን ገለጥ አድርገው ቁጭ አሉበት፤ ሁለቱም። በአፍንጫው በኩል ያለው ድንጋይ ጭቃው ላይ ተንሸራተተና ሞልዱ ሸርተት ብሎ ወረደ።

“ወይ! መሬቱ ረጥቧል፤” አሉ ጋሽ ተፈራ።

የረጠበው መሬቱ ብቻ አልነበረም። አሁን የለሰንኩት ስቱኮ ጎፈሬዬ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ተሰማኝ።

በአንድ ጎን ያሉት ድንጋዮች ስላልተነቃነቁ የስንዝር ክፍተት ቀርታለች። አየሩ የሚገባልኝ በእሷ ነው፤ የማየውም በእሷ ነው። የማየው ግን እግር ብቻ ነው፤ የጋሽ ይማም የጎማ ቦትና የጋሽ ተፈራ ሸራ ጫማ። ለምን አልጮህክም ትሉኛላችሁ። ልጮህ ነበር። ነገር ግን “እንድሪስ” ሲባል ሰማሁ። ስማችሁ ሲነሳ ሰምታችሁ ጆሯችሁን የማታቆሙ ከሆናችሁ እናንተ ከእኔ ትሻላላችሁ።

“እንድሪስ መልካም ልጅ ነው፤” አሉ ጋሽ ይማም።

ደስ አለኝ።

“ግን ልጄን አልሰጠውም። ዛሬ ቁርጡን ነግሬው ልሄድ ነው የመጣሁ።”

“ምን አደረገህ?”

“ምንም አላደረገኝም! ምንም አለማድረጉ አይደል ነገሩ? ይህን ጎድጓዳ ሲያሽ በጋው ወጥቶ ክረምቱ ገባ። በጠየቅነው ቁጥር ትንሽ ይቀረዋል። ነገ ደግሰን፣ ሰው ጠርተን፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ‘ጋሽ ይማም፣ ትንሽ ይቀረኛል’ ቢለኝስ?”

ጋሽ ተፈራ ከት ብለው ሳቁ። “ደግሞ አንተ እምቢ ማለት የት ታውቃለህ? መረብህን የሰረቀህን ሰው እንኳ በሰላም ግባ ብለህ የሸኘህ ነህ።”

“ለሱ እኮ ነው አንተን ያመጣሁህ። እስኪ አንተ እንድሪስ ሁንልኝ። ልለማመድብህ።”

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን አቀጠኑ። “አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ይማም።”

እኔ በፍጹም እንደዚያ አልናገርም።

“ወዓለይኩም ሰላም። ስማ ልጄ፣ ሀያት… ሀያት ገና ልጅ ናት።”

“ሀያት? ዓሣ ቤት ከፍታ እርስዎን ቀጥ አድርጋ የምትገዛ ሴት ናት እኮ!”

“ተፈራ! እሱ እንደዚህ አይመልስም። አንገቱን ነው የሚደፋው።”

“እኔ አልደፋም። እንድሪስ ነኝ። ቀጥል።”

“እሺ። ጀልባህ አላለቀም።”

 የጋሽ ተፈራ ድምፅ ተለወጠ። “አላለቀም። ግን ለምን ይመስልዎታል? ልጅዎ የምትቀመጥበት ስለሆነ ነው። አንዲት ሽንቁር ብትቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። እርስዎስ ከመረብዎ አንድ ዓይን ቢበጠስ ዝም ብለው ይጥሉታል?”

 እኔ ከሥር አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በሕይወቴ እንዲህ አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም።

“በአላህ ይሁንብኝ!” አሉ ቀጥለው ጋሽ ተፈራ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ ሰው። “መስከረም ሳይጠባ ይህ ጀልባ ሐይቁ ላይ ካልታየ እንድሪስ አይበሉኝ!”

መስከረም እኮ ደጅ ቆሟል! ይህን ቃል እኔ አልገባሁም ብዬ ራሴን ልነቀንቅ ሞከርኩ። ራሴ አልነቃነቅ አለ። ስቱኮው ይዟል።

ማድረቂያ የበዛበት ረዚን ሲደርቅ ይግላል። አናቴ ላይ ድስት የተጣደ መሰለኝ። ወደ ጎን ስስብ ፀጉሬ ከሥሩ ይነቀላል፣ ዝም ስል ይለበልበኛል። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ። ልክ በዚያ ሰዓት ጋሽ ተፈራም እኔን ሆነው ማልቀስ ጀመሩ። ከላይ አንድ እንድሪስ ያለቅሳል፤ ከታች አንድ እንድሪስ ያለቅሳል።

“ካልሰጡኝ ሐይቁ ውስጥ ነው የምገባው!”

“ግባ! ዋናተኛ ነህ።”

“መዋኘት አልችልም!”

“የማትችለው አንተ ነህ እንጂ! እንድሪስ ይችላል።”

 ዝናቡ እንደገና ካፊያ ጀመረ። ጋሽ ይማም በረጅሙ ተነፈሱ። “ሱብሃነላህ። አንተ ሰውዬ አንጀቴን በላኸው። እሱ ራሱ ፊቴ ቆሞ እንዲህ ቢናገር እኮ እሰጠው ነበር።”

አስቡት። ከራሴ በላይ፣ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት፣ የምፈልገው ቃል ተነገረ። እኔ ግን ፊታቸው ልቆም ቀርቶ አንገቴን ማዞር አልችልም።

ያኔ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

“ያንተ ነው፤” አሉ ጋሽ ይማም።

“የኔ ባትሪው ካለቀ ቆየ። ያንተ ነው።”

ሁለቱም ኪሳቸውን ሲደባብሱ ስልኩ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። እጄ በስቱኮ ተለብጦ ኪሴ ውስጥ አልገባ አለኝ።

“ከሥራችን ነው እኮ የሚጮኸው!”

“ልጁ ስልኩን ረስቶት ነዋ የሄደ። ሀያት ትሆናለች፤ ና እናንሳለት።”

ቦቱና ሸራ ጫማው ተነሡና ዞሩ። እጆች ጠርዙን ሲይዙ አየሁ። “ቢስሚላህ!” አሉና ወደ ላይ ሳቡት። ሞልዱ ተነሣ፤ እኔም በፀጉሬ ተነሣሁ።

“አታንሱት!” ብዬ ጮህኩ። ሻሹ አፌ ላይ ስላለ የወጣው ድምፅ ግን የሰው አልነበረም።

“አዑዙ ቢላህ!” “በስመ አብ!” ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሰማሁ። ሞልዱ ተመልሶ ዱብ አለ። ጫማዎቹ ከክፍተቷ ጠፉ። ሻሹን በጥርሴ ጎትቼ አወረድኩት።

“ጋሽ ይማም! እኔ ነኝ! እንድሪስ ነኝ!”

ከአጥሩ ጋ ጋሽ ተፈራ ጮኹ። “እንድሪስ ነኝ ይላል! ስሙንም ወስዶታል!”

ጋሽ ይማም ግን አስተዋይ ሰው ናቸው። ከሩቅ ሆነው ጠየቁኝ። “እንድሪስ ከሆንክ ጀልባህ መቼ ነው የሚያልቀው?”

“ትንሽ ነው የቀረው!” አልኩ ሳላስበው።

“እሱው ነው፤” አሉ።

ጋሽ ይማም ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ራሳቸውን በክፍተቷ አስገቡ። ፊት ለፊት ተያየን። ባትሪዬን አንስተው አናቴን አበሩበት፤ ብዙ ጊዜ አዩት።

“ይኸ ነገር አይለቅም?”

“አይለቅም፣ ጋሽ ይማም። ፀጉሩ መቆረጥ አለበት።”

በቀጥታ ከሐይቁ ነበር የመጡት። ከቦት ጫማቸው ውስጥ የዓሣ ቢላዋ መዘዙ። ቅርፊት አለበት። “አብሽር፤ አትንቀሳቀስ፤” አሉና ከግንባሬ ጀምረው መገዝገዝ ያዙ። የቢላዋው ሽታ ከረዚኑ ይብሳል።

“ከየት ጀምረህ ሰማህ?” አሉኝ እየገዘገዙ።

“መልካም ልጅ ነው ካሉት።”

“ከዚያ በኋላ ያለውንስ?”

“እሱንም።”

ቢላዋው ትንሽ ቆመ። ጋሽ ተፈራ ከውጭ፣ “ይማም፣ አሁን ይጠይቅህ! ልጁ ይናገር!” ብለው ጮኹ።

ቢላዋ አናቴ ላይ ነው፣ ጎፈሬዬ በየጎኑ ይረግፋል። “ጋሽ ይማም፣” አልኩ፣ “ልጅዎ የምትቀመጥበት ስለሆነ አንዲት ሽንቁር ብትቀር…”

“የተፈራን ቃል አትመልስልኝ። የራስህ የለህም?”

የራሴን ፈለግሁ። የተገኘው ይህ ነበር። “እፈራለሁ። ጀልባው ወጥቶ ሰው ቢስቅብኝ፣ ሀያት ከእኔ ጋር ታፍራለች ብዬ እፈራለሁ። ለዚያ ነው ሸፍኜ የማሸው። ልጅዎን ግን እወዳታለሁ። ይስጡኝ።”

ጋሽ ይማም ጥቂት ገዘገዙ። ከዚያ “አንተ ልጅ፣” አሉ፣ “ከዛሬ በላይ ምን ይሳቅብሃል?”

የመጨረሻዋ የፀጉር ዘለላ ስትቆረጥ በክፍተቷ ተስቤ ወጣሁ። አናቴ መሐሉ ገላጣ፣ ዙሪያው ጫካ ሆኗል። ቀና ስል ሀያት የግቢው በር ላይ ቆማለች። አባቷ ወደ እኛ ቤት መነሣታቸውን ልትነግረኝ ብትደውል አላነሣ ስላት በባጃጅ ደርሳለች። አየችኝ። አባቷን ጭቃ ለብሰው ቢላዋ ይዘው አየቻቸው። ጋሽ ተፈራን አጥሩ ላይ ግማሽ እንደ ወጡ አየቻቸው።  ሆዷን ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጎረቤት አጥር ላይ እስኪሰቀል።

ከዚያ አራታችን ሞልዱን ገለበጥነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ውስጡን አየው። አፍንጫው ጋ የእኔ ፀጉር እንደ ቁጥቋጦ በቅሏል፤ ሌላው ሁሉ ግን ያብለጨልጫል። ጋሽ ይማም ጎንበስ ሲሉ ፊታቸውን አዩበትና ቆባቸውን አስተካከሉ።

“ይኸ ምኑ ነው የሚታሸው?”

“እዚህ ጋ ነጥቦች አሉ፣ እዚያ ደግሞ…”

“የት?” መነጽራቸውን አውጥተው ፈለጉ። አጡት። “ተፈራ፣ ይታይሃል?” ጋሽ ተፈራም አጡት። “ይህን ነጥብ ዓሣው ነው የሚያየው?”

ሀያት እጇን አስገብታ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ሆነ። “ይህን ነው ስትደብቀኝ የከረምከው?” አለችኝ። ተቆጥታ ነበር። እንዲያ ስትቆጣ ግን አይቻት አላውቅም ነበር፤ ዓይኗ እርጥብ ነው።

በማግሥቱ ፀጉሬን በመሮ ፈልፍዬ አወጣሁ፣ ጉድጓዱን ሞላሁ፣ አሸሁ። ሁለተኛ ላሸው ስል ሀያት ብርጭቆ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ የዓሣ ምድጃዋ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ተፈራ በየማለዳው ይመጡና “በስምህ ምያለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ” ይሉኛል። ረዚን በጥብጠውልኛል፣ ጨርቅ ቆርጠውልኛል፣ ሰም ሲቀቡ አንጎራጉረዋል። ጀልባው ከሞልዱ ሲፈለቀቅ ያወጣው ድምፅ የመድፍ ያህል ነበር፤ የእናቴ ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ አልተመለሱም።

መስከረም ሳይጠባ ውሃ ላይ ዋለ። ጋሽ ይማም ብቻቸውን ገቡበት፣ ቀዝፈው ራቁ። ሐይቁ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ዓይኑን አናቴ ላይ ጥሎ ይስቃል፤ እኔ የማየው ጀልባዬን ነው። ተመልሰው ሲወርዱ የቦት ጫማቸውን ውስጥ ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ጠርዙን መታ መታ አደረጉና ወደ ጋሽ ተፈራ ዞሩ፤ “በል፣ ድግሱን መቼ እናድርገው?”

ኒካሑ የታሰረው ፀጉሬ ገና ሳይበቅል ነው። ሼኩ “ተቀብለሃል ወይ?” ሲሉኝ ከኋላዬ ጋሽ ተፈራ ቀድመውኝ “ተቀብያለሁ!” አሉ። በሳቅ ድንኳኑ ሊፈርስ ነበር። እኔም ለሁለተኛ ጊዜ፣ በራሴ ድምፅ፣ ተቀብያለሁ አልኩ።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ ምክር ልሰጣችሁ አልተነሣሁም፤ ምክር የሚሰጥ ሰው ፀጉሩን በስቱኮ አያስይዝም። የተለወጠብኝን ብቻ ልንገራችሁ። ዛሬ የምሠራው ሐይቁ ዳር፣ ሸራ በሌለበት፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ነው። አላፊው ሁሉ አስተያየት ይሰጣል፤ አብዛኛው የማይረባ ነው። እየሰማሁ እሠራለሁ። አንድ ቦታ አልስተካከል ሲለኝ ድሮ ሸራውን እስብበት ነበር፤ አሁን አንዱን አላፊ ጠርቼ “ና እስኪ ይህን እየው” እላለሁ። ብዙ ጊዜ ሰውየው ምንም አይታየውም። አንዳንዴ ይታየዋል፤ ያኔ አብረን እናሻዋለን።

ጋሽ ይማም ደህና ናቸው፤ ዛሬም ዓሣ ያመጣሉ። በዚያችው ቢላዋ ቅርፊቱን እየፋቁ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ “አማቼን ያወጣሁት በዚህች ነው” ብለው ከፍ አድርገው ያሳያሉ። እኔም ሀያት ምሳ ስታቀርብልኝ ዓሣውን በደንብ ነው የማየው። ጋሽ ይማም ቢላዋዋን ያን ዕለት አጥቤያታለሁ ይላሉ። እኔ ሲያጥቧት አላየሁም።